ለአላህ የተሠራ ሥራ ባለቤት የለውም ያለው ማነው?



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ አብዛኞቻችን በኪሳችን ይዘነው የምንዞረው ነው። ስልካችንን ብንከፍት ነሺዳ አለ፣ መንዙማ አለ፣ የዳዕዋ ትምህርት አለ፣ ከአንድ ወንድም መጽሐፍ ላይ ገጽ በገጽ ፎቶ ተነስቶ የተላከልን ምስል አለ። ከማን ገዛነው? ማንንስ አስፈቀድን? ይህን ብንጠየቅ ብዙዎቻችን ፈገግ ብለን እናልፋለን። መልስ አለኝ የሚል ቢኖር ደግሞ አንዲት አጭር ቃል ይመዛል፦ «ለአላህ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ለአላህ ተብሎ የተሠራ ነገር ባለቤት የለውም!»

ቃሏ ለጆሮ ታምራለች። የሰው ሐቅ የምትነካ ቃል ግን በማማሯ ብቻ አትታለፍም።

ይህችኑ ቃል ባለፈው ዓመት ሰበታ ውስጥ፣ ስልክ ከሚጠግንና ሚሞሪ ከሚጭን አንድ ወጣት አፍ ሰምቻታለሁ። ከጁምዓ ሶላት የወጡ ደንበኞች ሱቁን ሞልተውታል። እሱ ከኮምፒዩተሩ ላይ ነሺዳ እየመረጠ በየሚሞሪው ይገለብጣል። «ወንድሜ፣ የባለቤቶቹ ፈቃድ አለህ ወይ?» አልኩት። «ዘፈን ብጭን ኖሮ ትወቅሰኝ ነበር፤ እኔ የምጭነው እኮ ነሺዳ ነው። አጅር አለው እንጂ ወንጀል የለውም» አለኝ። «የምታስከፍለው ገንዘብስ?» ብለው «እሱማ የድካሜ ነው!» ሲል መለሰልኝ።

ልብ በሉ! ሁለት ደቂቃ የፈጀው መገልበጥ ድካም ነው፤ ዋጋ አለው። ግጥም ሲጻፍበትና ሲሰረዝበት፣ ዜማ ሲፈለግበት፣ ለስቱዲዮ ብር ሲከፈልበት የከረመው ሥራ ግን ድካም አይደለም፤ እሱ ለአላህ ነው። ወጣቱ ክፉ ሰው አይደለም። አዛን ሲሰማ ሱቁን ዘግቶ የሚሄድ ልጅ ነው። ነገሩን አሳሳቢ ያደረገውም ይኸው ነው፤ ሰው ስርቆት መሆኑን እያወቀ ቢሰርቅ አንድ ቀን ተውበት ያደርጋል፣ አጅር ነው ብሎ የያዘውን ግን ከምን ይመለሳል?

ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ያባረራቸው ብዙ የጥበብ ሰዎች ዛሬ የሚኖሩት በነዚህ ከተሞች ነው። ጠዋት ከአለም ገና በታክሲ ገብቶ ማታ የሚመለስ ገጣሚ አለ። የክፍሉን ግድግዳ በብርድ ልብስ ሸፍኖ ስቱዲዮ ያደረገ አለ። ሥራው ቡራዩ ተወልዶ መርካቶ ይሸጣል፤ መርካቶ የተባዛው ደግሞ ተመልሶ ሱሉልታ ገበያ ላይ ለባለቤቱ ጎረቤት ይቀርባል።

ቡራዩ የሚኖር አንድ ሙንሺድ አውቃለሁ። ስሙን አልጠቅስም፤ እሱም እንዲጠቀስ አይፈልግም። ቀን ቀን መድረሳ ያስተምራል፣ ግጥሙን ራሱ ይጽፋል። አንድ የነሺዳ ሥራ ለማውጣት ሁለት ዓመት ፈጀበት። በወጣ በሳምንቱ በየቴሌግራሙ ተበተነ፤ ይህንን እንደ ዕጣው ተቀበለው። ከወራት በኋላ ግን ሥራውን በራሱ የዩቲዩብ ገጽ ላይ ሊጭን ሲል ማሽኑ አገደው። ለካ ሌላ ሰው ቀድሞ በስሙ አስመዝግቦታል። ሰውየው በገዛ ድምፁ ሌባ ተባለ! «በወንድምነት እናግረው» ብለን የያዘውን ሰው ስናፈላልግ ያገኘነውን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድመን ሸሪዓው ምን ይላል የሚለውን እንይ።

መቼም እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ ጋዜጠኛ ነኝ። ዑለማዎች ያሉትን ግን ማንበብ ለማንም የተከለከለ አይደለም። የእስላማዊ ትብብር ድርጅት የሚባለው የሙስሊም አገሮች ማኅበር የፊቅህ አካዳሚ አለው። ይህ አካዳሚ በ1409 ሒጅራ፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 1981፣ ኩዌት ላይ ባደረገው 5ኛ ጉባኤው በዚሁ ጉዳይ ላይ ውሳኔ ሰጥቷል። የውሳኔው ቁጥር 43 ነው። ፍሬ ነገሩም የንግድ ስም፣ የንግድ ምልክት፣ የድርሰትና የፈጠራ መብት የባለቤቶቻቸው ሐቅ ነው፤ በዘመናችን ልማድ የገንዘብ ዋጋ አላቸው፤ ስለዚህ ሸሪዓ ያውቃቸዋል፣ እነሱን መድፈርም አይፈቀድም የሚል ነው።

ሁሉም ዑለማ በዚህ ተስማምቷል ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል። በሕንድና በፓኪስታን ከነበሩት ታላላቅ የሐነፊ ሊቃውንት መካከል የማይቀበሉት ነበሩ። ሙፍቲ ሙሐመድ ሸፊዕ ከነዚህ አንዱ ናቸው። የሳቸው ልጅ ሙፍቲ ሙሐመድ ተቂ ዑስማኒ ደግሞ አባታቸውን በሙሉ አክብሮት ተለይተው መብቱን ደግፈው ጻፉ። የልዩነቱ ሥር «ማል» ማለት፣ ገንዘብ ማለት፣ ምንድነው የሚለው ነው። የቀደምት ሐነፊዮች አካሄድ ማል የሚጨበጥና የሚቀመጥ ነገር ነው ይላል። ሻፊዒዮች፣ ማሊኪዮችና ሐንበሊዮች ግን ከነገሩ የሚገኘውንም ጥቅም እንደ ማል ይቆጥሩታል። ወሎ ውስጥ ሐነፊም ሻፊዒይም ጎን ለጎን ስለሚኖሩ ይህ ክርክር ለእኛ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም።

መብቱን የማይቀበሉት ወገኖች ከሚያነሱት ሁሉ የሚከብደኝ ዕውቀትን ስለ መደበቅ የመጣው ሐዲስ ነው። ዕውቀት ተጠይቆ የደበቀ ሰው የቂያማ ዕለት የእሳት ልጓም እንደሚገባለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስጠንቅቀዋል። ታዲያ ነሺዳውን ወይም መጽሐፉን «ያለ እኔ ፈቃድ አታባዙ» የሚል ሰው ዕውቀት ደበቀ ማለት ነው? አይመስለኝም። ደባቂ ማለት አላወጣም ያለ ነው፤ ይህ ሰው ግን አውጥቶታል፣ አደባባይ አቁሞታል፣ ወስደህ ተጠቀም ብሎሃል። ያለህ «እኔ በሠራሁት ሌላው አይነግድበት» ብቻ ነው። የቁርኣን ቅጂ በሱቅ ሲሸጥ አሳታሚውን ዕውቀት ደበቅክ ያለው አላየሁም። ሰሓቦች (ረ.ዐ.) በጉዞ ላይ ሳሉ የተነደፈን የጎሳ አለቃ ፋቲሓን ቀርተውበት በጎች እንደተሰጣቸው፣ መብላቱን ፈርተው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቢመጡ ሳቸው መፍቀድ ብቻ ሳይሆን ለኔም ድርሻ አውጡልኝ እንዳሏቸው ቡኻሪ ዘግቧል። በአላህ ቃል የደከመ ዋጋ ካልተከለከለ፣ ነቢዩን በሚያወድስ ግጥም የደከመ በምን ይከለከላል? ከዕብ ኢብኑ ዙሀይር (ረ.ዐ.) ግጥሙን ባሰማ ጊዜ ነቢዩ የለበሱትን ካባ አውልቀው እንደሸለሙት ሲነገር የኖረ ነው። «ለአላህ ነው የገጠምከው፤ ባዶህን ሂድ» አላሉትም።

አሁን ወደ ዋናው ቃል እንመለስ። «ለአላህ ተብሎ የተሠራ ነው» የሚለው ንግግር እውነት ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ግን ማን ነው እሱን የመናገር ሥልጣን ያለው? ኒያ የባለቤቱ ናት። ሙንሺዱ ራሱ «ይህን ለአላህ ብዬ ለቅቄዋለሁ፣ የፈለገ ያባዛው» ቢል ሶደቃ ሰጥቷል፤ አላህ ይቀበለው። እኔ ግን ከጓዳው ገብቼ «ይሄ ሰውዬ ለአላህ የሚሰጥ ሰው ነው» ብዬ ጤፉን ብጭን ሶደቃ አልሆነም። ሶደቃ የሚሰጡት እንጂ የሚወስዱት አይደለም። የጎረቤቴን ቸርነት ምክንያት አድርጌ ጎረቤቴን የምዘርፍ ከሆነ ከስስታም ጎረቤት ይልቅ ቸሩ ተጎዳ ማለት ነው! ኢማም ሻፊዒይ ሰዎች ከሳቸው ዕውቀት ቢጠቀሙና አንዲት ፊደል እንኳ በስማቸው ባትጠራ እንደሚወዱ መናገራቸው ይታወቃል። ይህን ያሉት ስለ ራሳቸው ሥራ ነው። ስለ ሌላ ሰው ሥራ ይህን ያለ ኢማም አላነበብኩም። እንዲያውም ኢማም ሱዩጢ ከሥራቸው የወሰደባቸውን ሰው በመቃወም፣ ደራሲን ከሌባ ለመለየት ሲሉ አንድ ራሱን የቻለ ድርሳን ጽፈዋል። እንግዲህ የድርሰት ሌብነት ከአውሮፓ የመጣ ቋንቋ ነው የሚሉ ወንድሞች ይህን ቢያዩ መልካም ነው።

ሌላም ክርክር ሰምቻለሁ። «መንዙማና ነሺዳ ራሱ ቢድዓ ነው፤ ከነሙዚቃው ደግሞ ሐራም ነው፤ ሐራም ዋጋ የለውም» የሚል። የመንዙማን ፍርድ ለዑለማዎች ትቼዋለሁ፤ በዚህ ገጽ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀንበታል! ግን አንድ ነገር ልበል፤ ሐራም ነው ያለ ሰው አይስማው፣ አይጫነው፣ አይሽጠው። እየሰሙና እየሸጡ ባለቤቱ ዋጋ ሲጠይቅ ብቻ ሐራምነቱን ማስታወስ ከተቅዋ የመጣ አይመስለኝም።

እናቶቻችን ከሰው ሲለያዩ «አውፍ በሉኝ» የሚሉት ለምን ይመስላችኋል? የሰው ሐቅ አላህ ዘንድ በተውበት ብቻ እንደማይፋቅ፣ ባለሐቁ ራሱ ይቅር ማለት እንዳለበት ስለሚያውቁ ነው። የቂያማ ዕለት ሶላትና ጾም ተሸክሞ መጥቶ የሰው ሐቅ ባለዕዳ ስለሆነ ባዶ እጁን የሚቀረውን ሰው የነገሩን ነቢዩ ናቸው። ከአንድ ባለሱቅ አሥር ብር የቀማ ሰው ሱቁን ያውቀዋል፤ ሄዶ አውፍ ይባላል። ሺህ ጊዜ የገለበጠና ሺህ ሰው ዘንድ የበተነ ሰው ማን ዘንድ ይሄዳል? «የት እንክፈል፣ አድራሻው አይታወቅ» የሚለውም ምክንያት ቀርቷል። ቴሌብር ሥራ ከጀመረበት ከ2013 ወዲህ ብዙ ሙንሺዶች የስልክ ቁጥራቸውን ከሥራቸው ሥር ይጽፋሉ። ለሠርጋችን ድንኳን በሺዎች እየከፈልን ለነሺዳው የሠላሳ ብር ሐዋላ ከበደን?

የአገሪቱ ሕግ ምን ይላል ለሚል በአጭሩ ልንገር። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1647 ጀምሮ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ይደነግጋል። ሐምሌ 1996 ደግሞ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ፤ በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሻለ። መብቱን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ቀድሞ ጽሕፈት ቤት ነበር፣ ዛሬ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይባላል። በአዋጁ መሠረት መብቱ የሚገኘው ሥራው ወጥ ሆኖ ሲቀረጽ ወይም ሲጻፍ እንጂ በምዝገባ አይደለም። ደራሲው እስካለ ድረስና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ለራስ ብቻ አንድ ቅጂ መገልበጥን ሕጉ ይታገሳል፤ የሰበታው ሱቅ ግን ከዚህ ውጭ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ሸገር ከተማ በሚል አስተዳደር መጠቃለላቸውም ነገሩን አይለውጠውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 የቅጂ መብትን ጥበቃ የፌዴራል መንግሥት ሥራ አድርጎታልና ከአዲስ አበባ ኬላ ወጣሁ ብሎ የሚያመልጥ የለም።

ቅጣቱ ላይ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። የ1996ቱ አዋጅ ሲወጣ መብቱን አውቆ ለጣሰ ሰው ያስቀመጠው ቅጣት ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ነበር። አስቡት! ያ የሰበታ ወጣት በሚሞሪ ምክንያት 5 ዓመት ሲታሰር! የትኛው ባለመብት ነው ይህን አስቦ ክስ የሚያቀርበው? የትኛውስ ዳኛ ነው እጁ ሳይንቀጠቀጥ የሚፈርደው? ከመጠን በላይ የከበደ ቅጣት ብዙ ጊዜ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ወጣቱን የሚያስፈራው ሕግ ሳይሠራበት ሲቀር ደግሞ ትልልቆቹ፣ የሰው ሥራ ማስታወቂያ ውስጥ የሚከቱት፣ ሙሉ ሥራ በስማቸው የሚያስመዘግቡት፣ አብረው ያመልጣሉ። ይኸው አዋጅ ለሞራል ጉዳት ያስቀመጠው ከ100,000 ብር የማያንስ ካሣ ለኔ ከእስራቱ የተሻለ መንገድ ነው፤ ጉዳቱ የደረሰበትን ሰው የሚያስታውሰው እሱ ነውና።

እስካሁን ስጽፍ ሙንሺዶቻችን ደስ ብሏቸው እንደሚያነቡ አውቃለሁ። እዚህ ላይ ግን ትንሽ ይታገሱኝ። ሱሉልታ የሚኖሩ፣ ተወልደው ያደጉት ወሎ የሆነ አንድ አዛውንት አሉ። መንዙማ ሲያወርዱ ያደምጧቸዋል። ከአንዱ በኋላ «ሸኻችን፣ ይህ የማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ እኔ ከአጎቴ ነው የያዝኩት፤ አጎቴ ዳና ሲቀራ ከሸኹ ደረሳ ነው የያዘው» አሉና ሰንሰለቱን ቆጠሩልኝ፤ ልክ እንደ ሐዲስ ኢስናድ። «የኔ» የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። በሳምንቱ ያንኑ መንዙማ በአንድ ወጣት ድምፅ በስልኬ ሰማሁት። ከሥሩ «ግጥምና ዜማ» ይልና የወጣቱ ስም ተጽፏል!

ጃማ ንጉሥን፣ ዳናን፣ ሾንኬን የሚያውቅ ሰው ይህ ነገር ምን ያህል እንደሚያም ይገባዋል። አማርኛ መንዙማን በዐረብኛ ፊደል የጻፉት እንደ ሸኽ ጠልሐ ኢብኑ ጀዕፈር ያሉ ዓሊሞች ካረፉ 50 ዓመት ካለፈ ቆየ፤ ብዙው ደግሞ ከአፍ ወደ አፍ የሄደ እንጂ የተቀረጸ አይደለም። ስለዚህ ሕጉ አይደርስላቸውም። ከሳሽ የለ፣ ወራሽ የለ። ታዲያ ሕጉ ካልደረሰ ሐቁም የለም ማለት ነው? ከዚህ በላይ ጥያቄው የሕግ ሳይሆን የአማና ይሆናል። መንዙማውን ማውረድ ማንም አልከለከለም፤ ዓሊሞቹም የተዉት እንዲወርድ ነው። የራስን ድምፅና የራስን ቅንብር «የኔ ነው» ማለትም ሐቅ ነው። ከሌላ ያገኙትን ግጥም በስም ማስመዝገብ ግን ባልሠሩት ሥራ መመስገንን ስለሚወዱ ሰዎች በሱረቱ ኣሊ ዒምራን የመጣውን ማስጠንቀቂያ ያስታውሰኛል።

ተገላቢጦሹም አለ። የሸኽ ሁሴን ጅብሪልን ስም ተመልከቱ። ግጥሞቻቸው ታትመው ተሸጠዋል፤ ዘመን በተለወጠ ቁጥር ደግሞ አንዱ ተነስቶ ለፖለቲካው የሚመቸውን ስንኝ ይገጥምና «ሸኽ ሁሴን ጅብሪል ብለዋል» ይላል። ያልሠራኸውን የኔ ማለት አንድ በደል ነው፣ ያልተናገረውን ሰው ተናግሯል ማለት ሌላ በደል። የሐዲስ ዑለማዎች ዕድሜያቸውን የጨረሱት ይህን ሁለተኛውን ሲያጣሩ ነው። በአንጻሩ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1961 የታተመውን የአማርኛ የቁርኣን ትርጉም ብንወስድ፣ የተርጓሚዎቹ የሸኽ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅና የሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ስም ዛሬም አብሮት ይዞራል። ይህንን ሥራ ማን እንደደከመበት አንጠያየቅም። አንድ መስመር ስም ለመጻፍ ስንት ያስወጣል?

ዜማ ስለ መውሰድም ዘፋኞችን ብቻ አንክሰስ። መንዙማችንን ዘፈን አደረጉት ብለን ስንጮህ፣ በሌላ በኩል የዐረብና የሕንድ ዜማ ላይ የአማርኛ ግጥም ጭነን ነሺዳ ብለን አልሸጥንም? በሚሰፍሩበት መሥፈሪያ መሰፈር ነው። የሹዐይብ (ዐ.ሰ.) ሕዝቦች የጠፉት ሲሰፍሩ በማጉደላቸው ነበር፤ ሲቀበሉ ግን ሙሉ ይፈልጉ ነበር።

የቡራዩውን ሙንሺድ ነገር እንጨርስ። ሥራውን በስሙ ያስመዘገበውን ሰው ስንፈልግ ያገኘነው ማንን መሰላችሁ? የቀረጸለትን የስቱዲዮ ባለቤት! ጀመዓ ጠግነው ሶላት የሚሰግዱ፣ አንድ ሶፍ ላይ የሚቆሙ ወንድማማቾች ናቸው። ሰውየውን አነጋገርነው። አልካደም። «ስቱዲዮውን ግማሽ ዋጋ ነው ያስከፈልኩት፤ ግማሹ የኔ ድርሻ ነው ተባብለን ነበር» አለ። ሙንሺዱ ደግሞ «ግማሽ ዋጋ ያደረገልኝ ለዳዕዋው ብሎ መስሎኝ ነው» አለ። ወረቀት አላችሁ ወይ ብንል ሁለቱም እኩል ደነገጡ። «በአላህ ተማምነን ነው እንጂ እኛ ወረቀት ምን ያደርግልናል?»

ሱብሓነላህ! ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሟ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛዋ፣ የወረደችው ምእመናን እርስ በርስ ሲበዳደሩ እንዲጽፉና እንዲያስመሰክሩ ነው። የተጠሩበትም ኢማናቸው ነው፤ ለካፊር ብቻ ጻፉ አልተባለም። በአላህ መተማመን ከመጻፍ የሚያስቀር ቢሆን ኖሮ ሰሓቦች ከኛ በላይ ይተማመኑ ነበር። የአገሪቱም አዋጅ መብት ሲተላለፍ በጽሑፍ ይሁን ይላል። ሸሪዓውም ሕጉም አንድ ቃል በተናገሩበት ቦታ እኛ በሦስተኛ መንገድ ሄድን። ስንቱ መድረሳ ነው መጽሐፍ ሲያስተረጉም ከተርጓሚው ጋር አንድ ገጽ ውል የሚጽፈው? ስንቱ የዳዕዋ ድርጅት ነው የሙንሺዱን ሥራ በቻናሉ ከመልቀቁ በፊት ገቢው የማን እንደሚሆን የሚነጋገረው? ውል ማንሳት እንደ ስድብ ተቆጥሮ፣ ጠያቂው «ዱንያ ወዳድ» ተብሎ፣ በኋላ ጠቡ ሲነሳ መስጊዱ ሁለት ይከፈላል።

ሽማግሌዎች ገብተዋል። ከዩቲዩብ የሚገኘው ገቢ ለሁለት ይከፈል፣ ስሙ ግን ለሙንሺዱ ይመለስ የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። የስቱዲዮው ባለቤት ገንዘቡን ሙሉ ቢወስዱት ግድ እንደሌለው፣ ገጹ ላይ ያለውን ስም ማንሳት ግን «ሰው ምን ይለኛል» በሚል እንደከበደው ተናግሯል። ሙንሺዱ ደግሞ ፍርድ ቤት ቢሄድ ጀመዓው በሙስሊም ወንድሙ ላይ ከሰሰ እንዳይለው ይፈራል፤ ዝም ቢልም የሚቀጥለውን ሥራ የሚያወጣበት አቅም የለውም። ይህን ጽሑፍ ለማተሚያ ቤት እስከማስረክብ ድረስ ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ ተሰብስበዋል፤ አራተኛው ከዒሻ በኋላ በመጪው ሐሙስ ነው።